ትራንሰንደንታል ማለት ትራንሰንደንታል ማለት አይደለም? እስከ ሰኞ እርዱኝ

ጸሐፊዋ ከፒያሳ (ሐሙስ ማታ)

እንዴት ከረማችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ወረቀት የሚያኝክ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። የምተይበው በአብዛኛው የኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ አቤቱታ፣ ሰኔ ሲደርስ ደግሞ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ነው። ፍልስፍና አልተማርኩም። አሁን ግን ፍልስፍና እንቅልፍ ነስቶኛል።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን የፍልስፍና ቃላት ማብራሪያ፣ 140 ገጽ የእጅ ጽሑፍ፣ እንድተይብላቸው ሰጡኝ። እጃቸው ያምራል። ችግሩ በሰማያዊ ይጽፋሉ፣ በቀይ ይሰርዛሉ፣ ከዚያ በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። አንዳንዱ ገጽ ሦስት ሰው የተከራከረበት ነው የሚመስለው፤ ሦስቱም ጋሼ።

ታዲያ አንድ ቃል አስቸገረኝ። አንዱ ቦታ "ትራንሰንደንት"፣ ሌላው ቦታ "ትራንሰንደንታል" ይላል። እኔ ያው የአጻጻፍ መዘበራረቅ መሰለኝ። ተማሪዎች አንድ ገጽ ላይ "ኮሚዩኒቲ" እና "ኮሙኒቲ" ጽፈው እንደሚያመጡልኝ። እንዲህ ሲሆን አንዱን መርጬ አስተካክላለሁ፤ እስከዛሬ አመስግኖኝ እንጂ ተቆጥቶኝ የሄደ የለም። ስለዚህ በዛ ያለውን መረጥኩና ሪፕሌስ ኦል። 87 ቦታ ተተካ። ሴቭ አድርጌ፣ ዘግቼ፣ ቤቴ ሄድኩ።

ዛሬ ለማረም ሳነብ ገጽ 58 ላይ ይህን አገኘሁ፦ "ትራንሰንደንታል ማለት ትራንሰንደንታል ማለት አይደለም። ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።"

አንባቢው ብቻ አይደለም ጋሼ።

ፋይሉን ወደኋላ መመለስ አልቻልኩም፣ ኮፒም አላስቀመጥኩም (አውቃለሁ፣ አትናገሩኝ)። የእጅ ጽሑፉ እኔው ጋ ነው፤ ግን ቃሉ ከሁለት መቶ ቦታ በላይ ተበትኗል፣ የቀየርኳቸው የትኞቹ እንደሆኑ ፋይሉ አይነግረኝም። አሁን ጥያቄዬ፦ ሁለቱ በእርግጥ የተለያዩ ናቸው? ከተለያዩስ ትርጉሙ ገብቶኝ ዐረፍተ ነገሩን እያነበብኩ "ይሄ እሱ ነው፣ ይሄ ያኛው ነው" እያልኩ ላስተካክል እችላለሁ? ጋሼ በአማርኛው እንኳ አንዴ "ከልምድ ባሻገር"፣ አንዴ "ልዕለ ልምድ"፣ በእርሳስ ደግሞ "ቅድመ ልምድ" ይላሉ። ሰኞ ጠዋት ይመጣሉ። አጥፍቻለሁ ብዬ ከመናገሬ በፊት ምን እንዳጠፋሁ ልወቅ።

ሐረጎ በጉም (ሐሙስ ማታ)

አብሽሪ እህቴ! ከልምድ ባሻገር ያለውን ለማየት ፍልስፍና አያሻም። ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን መውረድ ነው። ዓመታት ነድቼበታለሁ፣ በክረምት መንገዱን አይቼው አላውቅም፤ በእምነት ነው የምወርደው።

የወልድያው መምህር (ዓርብ ጠዋት)

ሁለት ቃል ናቸው፤ ያውም የአንድ እናት ልጆች። ስለዚህ መሳሳትሽ አይገርምም፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለን እኛም ስንት ጊዜ ቀላቅለን ነጥብ ተቀንሶብናል።

መነሻው ላቲን ነው፦ "ትራንስ" ማዶ፣ "ስካንደሬ" መውጣት። አቀበት ወጥቶ ወደ ማዶ እንደመሻገር ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ቃሉን የተጠቀሙበት ለሌላ ጉዳይ ነበር። አርስቶትል ስለ ነገሮች የሚባለውን ሁሉ በ10 መደብ ከፍሎት ነበር፤ ብዛት፣ ዓይነት፣ ዝምድና፣ ቦታ እያለ። ሊቃውንቱ ግን "መኖር"፣ "አንድ"፣ "እውነት"፣ "በጎ" የሚሉት በአንዱ መደብ አልታጠር አሏቸው። መደቡን ሁሉ የሚሻገሩ ስለሆኑ በዚህ ቃል ጠሯቸው። ልብ በይ፣ ከዓለም ውጭ ናቸው ማለታቸው አልነበረም። ያልገቡበት መደብ የለም ለማለት ነው።

ከዚያ ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት መጣ። በፈረንጆቹ 1724 ኮኒግስበርግ ተወልዶ 1804 እዚያው የሞተ ሰው ነው፤ ከተማዋ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩሲያ ሥር ናት። በ1781 ባሳተመው ትልቁ መጽሐፉ ቃሉን ለሁለት ሰነጠቀው። ትራንሰንደንት አለ፤ ለሰው ሊገጥመው ከሚችለው ልምድ ሁሉ ወሰን አልፎ የሚሄደውን። ትራንሰንደንታል አለ፤ ልምድ ራሱ ልምድ እንዲሆን አስቀድሞ የሚያስፈልገውን የሚመለከተውን። የመጀመሪያው ከወሰኑ ማዶ ነው። ሁለተኛው ከወሰኑ ወዲህ ነው፣ ቆመሽ ያለሽበት መሬት በይው።

ምሳሌ ልስጥሽ። ነገ ሱቅሽን ስትከፍቺ ፕሪንተሩ መሬት ወድቆ አገኘሽ እንበል። ድመት ትሆን? ነፋስ? የትናንቱ ተማሪ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ትቶት ይሆን? እያልሽ ትፈልጊያለሽ። "ያለ ምንም ምክንያት ነው የወደቀው" ብለሽ ግን ቁጭ አትይም። የትኛው ምክንያት እንደሆነ ከልምድ ትደርሺበታለሽ፤ ምክንያት መኖሩንስ ከየትኛው ድመት ተማርሽው? ካንት የሚለው ይህን ይዘሽ ነው ወደ ልምድ የገባሽው ነው። ቦታና ጊዜም እንደዚያው። ይህን መመርመር ትራንሰንደንታል ምርመራ ነው። አሁን ያንኑ "ምክንያት" የሚለውን ሐሳብ አንሥተሽ "የዓለም የጠቅላላዋ ምክንያት ምንድን ነው?" ብትይ፣ ፕሪንተሩን ከፈለግሽበት ሜዳ ወጣሽ። ጠቅላላ ዓለም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ አትገጥምሽምና። ያ ትራንሰንደንት ይሆናል። ካንት በተለይ ሦስት ነገሮችን እዚያ ያስቀምጣል፦ ነፍስን፣ ዓለምን በሙሉነቷ፣ እግዚአብሔርን። አእምሮ ወደነሱ መዘርጋቱን ሊተው አይችልም፣ ግን እንደ ፕሪንተሩ ሊያውቃቸውም አይችልም ነው ነገሩ።

አንድ የምወደው ታሪክ አለ። መጽሐፉ እንደወጣ አንድ ሒስ "ከፍ ያለ" ፍልስፍና አድርጎ አቀረበው፤ ከደመና በላይ የሚንሳፈፍ ዓይነት። ካንት ተናደደ። በ1783 ባወጣው አጠር ያለ መጽሐፉ የግርጌ ማስታወሻ ላይ መለሰ፤ ወደ እኛ አገር ሳመጣው እንዲህ ይሆናል፦ ረጃጅም ግንብ፣ እንደ ግንብም የረዘመ ሊቅ ነፋስ ይበዛበታል፤ እኔ ቦታዬ ለሙ የልምድ ቆላ ነው። ትራንሰንደንታል ስል ልምድን የሚያልፈውን ማለቴ አይደለም፣ ልምድን ቀድሞ የሚያስችለውን እንጂ። ስለዚህ እህቴ፣ አንቺ ያደረግሽውን ያደረገው የዘመኑ አንባቢ ጭምር ነው። ሪፕሌስ ኦል ስላልነበረው በጭንቅላቱ ነው ያደረገው።

አሁን ዋናው ምክሬ። በትርጉም እየገመትሽ በፍጹም እንዳታስተካክዪ። ካንት ራሱ በገዛ ልዩነቱ ሁልጊዜ አልጸናም፤ "ትራንሰንደንታል" ብሎ የጻፈው ዐውዱ ሲታይ "ትራንሰንደንት" የሚመስልባቸው ቦታዎች አሉ። ጋሼ ከእሱ እየቀዱ ከሆነ ሐሳቡ "ባሻገር" ሆኖ ቃሉ በ"ታል" ሊያልቅ ይችላል። የእጅ ጽሑፉን ከፍተሽ፣ ማስመሪያ ይዘሽ፣ መስመር በመስመር።

ከዋድላ የወጣሁ (ዓርብ ቀን)

ዋድላ ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመት ቆይቼ ሳልመረቅ ወደ እህል ንግድ የገባሁ ነኝ። ስለዚህ የኔታ አትበሉኝ፣ ስሳሳትም ታገሡኝ።

አንድ ሰው መጥቶ "ይህ እኮ ሰምና ወርቅ ነው" ከማለቱ በፊት ልቅደመው። አይደለም። ወርቁ በሰሙ ተሸፍኖ ነው እንጂ ማዶ አይደለም። ተማሪው ሌሊት ቢጨነቅም ጠዋት ያገኘዋል፣ ባያገኘው የኔታ ይፈቱለታል። የሚፈታ ነገር ከልምድ ባሻገር አይባልም፤ ያልተፈታ ነው የሚባለው።

ወደ ጋሼ አማርኛ ልምጣ። "ልዕለ ልምድ" የምትለዋን አልወደድኳትም። "ልዕለ ኃያል" ስንል ከኃያልም በላይ ኃያል ማለታችን ነው፤ ያው ኃያልነቱ አልቀረለትም። በዚህ ሂሳብ "ልዕለ ልምድ" ከልምድ ሁሉ የሚበልጥ ልምድ ይመስላል። ልምድ ያልሆነውን ነገር ለመጥራት ሄደን ትልቅ ልምድ ይዘን ተመለስን ማለት ነው። "ቅድመ ልምድ" ይሻላል፣ ግን እሷም ወጥመድ አላት። "ቅድመ ታሪክ"፣ "ቅድመ ምረቃ" የለመደ ጆሮ በዘመን የሚቀድም ይመስለዋል፤ ሕፃኑ ገና ምንም ሳያይ በጭንቅላቱ የያዘው ነገር ያለ ይመስለዋል።

ከአብነቱ ቤት ልበደር ካልን "ረቂቅ" አለ። ግን ረቂቅ የግዙፍ ተቃራኒ ነው፤ ነፋስ ረቂቅ ነው እንላለን፣ ነፋስ ደግሞ ፊታችንን ይመታናል። ዛሬማ "የአዋጅ ረቂቅ" ሆኗል። "ምጡቅ" አለ፤ መጠቀ ማለት ርቆ ከፍ አለ ነውና ለላቲኑ "መውጣት" የሚቀርበው እሱ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ዛሬ ምጡቅ የሚባለው ሒሳብ የሚችል ልጅ ነው። ከሁሉ የጠነከረው "የማይመረመር" ነው። ባሕርዩ የማይመረመር ይባላል ስለ እግዚአብሔር። እኔ ለትራንሰንደንት ይህን ባስቀመጥኩ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ስግደት ያለበት ቃል ነው፣ ፍልስፍናው ደግሞ ሳይሰግድ ነው መናገር የሚፈልገው መሰለኝ።

ስለዚህ ለአንደኛው "ከልምድ ባሻገር"፣ ለሁለተኛው "ልምድ አስቻይ" ብል ምን ትላላችሁ? አስቀያሚ ነው፣ ግን አያሳስትም።

የባቲ ልጅ (ዓርብ ማታ)

አሰላሙ ዐለይኩም። ቁርኣን የቀራ ሰው ይህን ጥያቄ ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ገይብ ነው። በአማርኛ ሲተረጎም "ሩቅ" ይባላል፤ በሩቅ ነገር የሚያምኑ እንደሚባለው። ልጅ ሆኜ ሩቅ ሲባል ጅዳ ይመስለኝ ነበር፣ አጎቴ እዚያ ስለነበር። አላህ በሩቅ ያለውን ያውቃል ሲሉ የአጎቴን ቤት እያየልን ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ትንሽ ከፍ ስል ኡስታዛችን ገይብ ሁለት ዓይነት ነው ብለው አስረዱን። ለአንዱ ተሰውሮ ለሌላው የሚታወቅ አለ። ጓዳ ያለው ዳቦ ለእንግዳው ገይብ ነው፣ ለእናቴ አይደለም። ከአላህ በቀር ማንም የማያውቀው ደግሞ አለ፦ ቂያማ (የትንሣኤ ቀን) መቼ እንደሆነ፣ ሰው ነገ ምን እንደሚያገኝ፣ በየትኛው ምድር እንደሚሞት። የወልድያው መምህር ቢመልሱልኝ፣ የካንት "ባሻገር" ከሁለቱ ወደ የትኛው ይቀርባል? ለሹፌሩ ወንድማችንስ የሐረጎ ጉም የትኛው ነው?

የወልድያው መምህር (ቅዳሜ ጠዋት)

ወዐለይኩም ሰላም። ጥያቄህ ከእኔ መልስ ይበልጣል፣ ቢሆንም ልሞክር።

ከጉሙ ልጀምር፣ እሱ ቀላል ነው። ጉሙ ከጓዳው ዳቦ ወገን ነው። መንገዱ አልታየም እንጂ የማይታይ አይደለም፤ ፀሐይ ስትወጣ ኮምቦልቻ ከታች ተዘርግታ ትታያለች። ካንት ለዚህ ደንታ የለውም። ዛሬ ያላየነው፣ ሩቅ ያለው ኮከብ፣ የአጎትህ የጅዳ ቤት፣ ሁሉም "ሊገጥም ከሚችል ልምድ" ውስጥ ናቸው።

ሁለተኛው ግን አስቸገረኝ። ሰው በየትኛው ምድር እንደሚሞት አያውቅም፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ይገጥመዋል። ማለትም ይህ ገይብ በጊዜ ውስጥ ያለ ነው፣ ይመጣል። ካንት "ነገሩ በራሱ" የሚለው፣ በሌላ ስሙ ኑመኖን፣ የሚመጣበት ቀን የለውም። ለእኛ በሚገለጥበት መልኩ ሳይሆን ያለ እኛ አተያይ ምንድን ነው ብለህ የምትጠይቀው ነውና፣ በተገለጠ ቁጥር "ለእኛ የተገለጠው" ይሆንብሃል። ልታስበው ትችላለህ፣ ልታውቀው አትችልም። ስለዚህ ካንት የወሰን ጽንሰ ሐሳብ ብቻ ነው ይለዋል። ገበሬ ማሳው ዳር የሚተክለውን የድንበር ድንጋይ አስብ። ድንጋዩ "የእኔ እስከዚህ ነው" ይላል እንጂ ማዶ ጤፍ ይሁን ማሽላ አይናገርም። ድንጋዩን እያየ ስለ ማዶው ሰብል የሚያወራ ሰው ነው ትራንሰንደንት ንግግር የጀመረው።

ሌላው ልዩነት ትልቅ ነው። ገይብን የምትይዘው ወሕይ፣ ከአላህ የወረደ ቃል፣ ስለመጣልህ ነው፤ ተነግሮህ ታምናለህ። ካንት ያንን በር አልዘጋም፣ አልከፈተምም። በ1787 በትልቁ መጽሐፉ ሁለተኛ እትም መግቢያ ላይ ለእምነት ቦታ ለማግኘት እውቀትን ገለል ማድረግ ነበረብኝ ይላል። አንዳንዱ ይህን እንደ አማኝ ይወድለታል፣ አንዳንዱ ሽሽት ነው ይለዋል። እኔ በየዓመቱ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ለዋድላው ወንድሜ፦ "ቅድመ" ላይ ያልከው ልክ ነው። ካንትም ያችኑ ወጥመድ አይቷታል። እውቀታችን ሁሉ ከልምድ ጋር ይጀምራል ይላል፣ ስለዚህ በጊዜ የሚቀድም የለም፤ ሁሉም ግን ከልምድ አይመነጭም። "ልምድ አስቻይ" አስቀያሚነቱን ተቀብዬ ወስጃታለሁ።

ሐረጎ በጉም (ቅዳሜ ቀን)

እኔ ለቀልድ ነበር፣ ፈተና ሆኜ ወጣሁ። ለማንኛውም ጉሙ ውስጥ ያለው ከልምድ ባሻገር ሳይሆን አይሱዙ ነው፤ መብራት ሳያበራ።

ጸሐፊዋ ከፒያሳ (ቅዳሜ ማታ)

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። ከሰዓት መብራት ስላልነበረ ሱቁን ዘግቼ የእጅ ጽሑፉን በማስመሪያ ወረድኩበት። "ታል" ያለውን ትቼ "ት" ያለውን በደብተር ገጽና መስመር እየጻፍኩ። እስካሁን 86 አግኝቻለሁ። አንዷ ጠፍታብኛለች።

በማስመሪያ ሲነበብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስተይብ ቃል አላነብም፣ ፊደል ነው የማነበው፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተየብኩትን አነበብኩ። የገረመኝ ሁላችሁም ስለ "ባሻገር" እና "ቅድመ" ስትከራከሩ "ልምድ" የሚለውን ማንም አልነካውም። እኔ በቀን አሥር ጊዜ ነው የምጽፈው፦ "የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት"፣ "የሥራ ልምድ፦ የለም"። ለደንበኞቼ "ከልምድ ባሻገር" ብዬ ባነብላቸው ልምድ የማይጠይቅ ክፍት የሥራ ቦታ ነው የሚመስላቸው። ልምድ ማለት የለመዱት፣ የደጋገሙት አይደል? ጋሼ ግን የሚሉት በዓይን በጆሮ የመጣውን ሁሉ ነው፣ አንዴ ብቻ የታየውንም ጭምር። እናቴ ቡና ስትቆላ አንዴ እጇን ብትቃጠል ልምድ አላት አንልም፤ ተቃጠለች ነው። "ገጠመኝ" ይሻል ይሆን ብዬ አስቤ ተውኩት፣ ገጠመኝ የጋዜጣ ዓምድ ነው የሚመስለው።

ሁለተኛ። የመምህሩን ድመት ሳስብ የገባኝ በራሴ ሥራ ነው። ትክክል መሆኔን ንገሩኝ። ከሌላ ቦታ ፋይል በፍላሽ ያመጡልኛል፣ የተጻፈበት የግዕዝ ፎንት እኔ ማሽን ላይ ከሌለ ስከፍተው ሳጥን ሳጥን ወይም የማይነበብ ዝባዝንኬ ይሆናል። ደንበኛው "ጽሑፌን አጠፋሽው!" ብሎ ይጮሃል። ጽሑፉ አልጠፋም። ፎንቱን ስጭን ይመጣል። ፎንቱ ራሱ ግን ከገጹ ላይ የተጻፈ ቃል አይደለም፤ ገጽ 1 ላይ ብትፈልጉት የለም፣ ገጽ 140 ላይም የለም። ከገጹ ማዶ የተቀመጠ ሌላ ምሥጢራዊ ገጽም አይደለም። ግን እሱ ከሌለ አንድም ፊደል አይነበብም። ይሄ ነው ትራንሰንደንታል? ትራንሰንደንት ደግሞ "ጽሑፉ ያለ ምንም ፎንት ምን ይመስላል?" ብሎ መጠየቅ ነው?

ከሆነ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ፎንቱ እንዲህ ከጋረደኝ፣ ቢነሣልኝ ጽሑፉን በደንብ አላየውም ነበር?

ኮምፒውተር ጥገና ኮምቦልቻ (ቅዳሜ ሌሊት)

በፎንት ጉዳይ ልግባ፣ ሥራዬ ነው። ያለ ፎንትማ ጽሑፉ ቁጥር ነው። በዩኒኮድ "ሀ" ማለት 1200 ናት፣ በ16 ቤት አቆጣጠር። ፎንቱ ቁጥሯን አይቶ ሥዕሏን ያወጣል። ስለዚህ "ነገሩ በራሱ" የተባለው ይታወቃል፤ 1200 ነው። ካንት ኮምፒውተር ቢኖረው ይህን ሁሉ ባልጻፈ።

የወልድያው መምህር (እሑድ ጠዋት)

ወንድሜ፣ 1200ን በምን ፎንት አነበብካት?

እህቴ፣ ምሳሌሽን ከራሴ ድመት አብልጬ ወድጄዋለሁ፤ በአንድ ነገር ብቻ ያነክሳል። አንቺ ሌላ ፎንት መጫን ትችያለሽ፣ እንዲያውም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ታወዳድሪያለሽ። ካንት የሚናገርለትን ግን ማንም ሰው አውልቆ ሌላ አልጫነም። "ቢነሣልኝ" ላልሽው እሱ ራሱ የርግብ ምሳሌ አለው። ርግቧ ስትበር አየሩ ክንፏን ሲታገላት ይሰማታል፣ እና አየር በሌለበት ብበር እንዴት በፈጠንኩ ብላ ልታስብ ትችላለች። የሚይዛት አየር የሚይዛት ነው፣ በሁለቱም ትርጉም፤ ይገታታል፣ ይደግፋታልም። ካንት ይህን የሚያነሣው አፍላጦንን እየተቸ ነው፤ የስሜት ሕዋሳትን ዓለም ትቶ በሐሳብ ክንፍ ባዶው ውስጥ ገባ፣ ብዙ ታገለ፣ ግን አልተራመደም ይላል። (የግዕዝ ተማሪ ስላለን ነው ፕላቶን አፍላጦን ያልኩት።)

"ልምድ" ላይ ያልሽውን ግን መልስ አላገኘሁለትም። ይህን ትምህርት ሳስተምር ስንት ጊዜ "ልምድ" ብያለሁ። ተማሪዎቼ ምን ይሰሙ እንደነበር አሁን ነው የጠረጠርኩት።

ጸሐፊዋ ከፒያሳ (ሰኞ ከሰዓት)

ጋሼ መጥተው ሄዱ።

ሳይቀመጡ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙና መነጽራቸውን አውጥተው ገጽ 58ን ጠየቁኝ፤ የድሮዋን ዐረፍተ ነገር ሳላስተካክል ትቼላቸው ነበር። አነበቡት። "ይሄንን ሔግል የጻፈው ነው የሚመስለው" አሉ (ከካንት በኋላ የመጣ ፈላስፋ ነው አሉኝ)። አልገባኝም፣ ግን ስላልተቆጡ ሳቅሁ። ማብራሪያ ያለው ካለ በኋላ ይንገረኝ።

ከዚያ 87ኛዋ። እሑድ ማታ አግኝቻት ነበር፣ ገጽ 103። መጀመሪያ በሰማያዊ "ትራንሰንደንታል" ብለዋል። በቀይ "ታል"ን ሰርዘው "ት" ጨምረዋል። በእርሳስ ደግሞ ከስረዛው ሥር ነጠብጣብ አድርገዋል፤ ነጠብጣብ ማለት "ስረዛው ይቅር" ማለት እንደሆነ መጀመሪያ ቀን ነግረውኛል። ነጠብጣቡን ግን በላጲስ የነካካው ሰው አለ። መምህሩ እንዳሉኝ የእጅ ጽሑፉን ልከተል ብዬ፣ የእጅ ጽሑፉ ራሱ አልወሰነም።

ወረቀቱን ወደ በሩ ወስደው በብርሃን አዩት። ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ስለ ነፍስ ነው አሉኝ። ነፍስን እንደ አዋቂው "እኔ" ካየናት አንዱ ቃል ነው፣ ከሞት በኋላ የምትቀር ነገር ብለን ካየናት ሌላው ነው፣ እዚህ የቱን እያልኩ እንደነበር አላስታውስም አሉ። የዋድላውን "ልምድ አስቻይ" ነገርኳቸው፣ ፊታቸውን አጨማደው ደብተራቸው ላይ ጻፉት። "የሥራ ልምድ" የምትለዋን ስነግራቸው ግን ቁጭ አሉ። ሻይ አዘዝኩላቸው፣ ሳይጠጡት ቀዘቀዘ።

የተየብኩበትን ከፈሉኝ፣ ለእርማቱ አልተቀበልኩም። ኮፒ አሁን በሁለት ፍላሽና በኢሜይሌ አለ። ገጽ 103 ላይ ግን ቃሉን አጥፍቼ ቦታውን ባዶ ትቼ በቢጫ ቀብቼዋለሁ፤ ቤት ሄጄ አስቤ እደውልልሻለሁ ብለውኛል።